ሳል የሌለበት ድምፅ

አንዳርጌ ለእናኑ (ተጽፎ ያልተላከ)
ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእናኑ፤ ባለሽበት የአገራችን ታቦት ይጠብቅሽ። እኔ ደኅና ነኝ እንዳልልሽ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

እናኑ፣ እናትሽ አረፈች። አክስቴ እማማ ወርቅውሃ፣ አንቺን በጀርባዋ አዝላ እኔን በእጇ ይዛ በመተማ በኩል ያሻገረችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፈች። የጨረሳት ሳሉ ነው። ለቀብሯ የመጣው ሰው መቼም አይነገር፤ ሐበሻው ብቻ አይደለም፣ የሰፈሩ ሱዳኒ ሁሉ "አላህ ይርሐማ" እያለ ሸኛት። ስንት ዓመት ለሰው ሬሳ ግጥም ስታወርድ የኖረች አልቃሽ፣ በራሷ ቀን ደህና አልቃሽ አላገኘችም። የሷን ያህል የሚያውቅበት የለማ!

ከመሞቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሦስት ቀን ስቱዲዮዬ ተቀምጣ ተናገረች። ዘጠኝ ካሴት ሞላች። "ልጄን ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይችን እስክትገላገል ሞቴን እንዳትነግራት። በየጊዜው አንድ አንድ እየቀነስህ ላክላት። ሳሌን ደግሞ አውጣው፤ ከሰማችው ታውቅብኛለች" አለችኝ። ማልሁላት። ምን ላድርግ ታዲያ?

ያ የእርዳታ ድርጅት ፈረንጅ፣ ኻዋጃው፣ ወደ አገሩ ሲገባ የተወልኝን የድምፅ ፕሮግራም አጫውቼሽ የለ? ድምፁን ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ በመስመር ያሳያል። የእማማ ሳል ከንግግሯ በላይ ጉብ ጉብ ብሎ ይታይ ነበር። አንድ በአንድ ቆረጥሁት። የጎረቤቱን ወፍጮም ቆረጥሁ፣ አዛኑንም ቆረጥሁ። አሁን ብትሰሚያት የሃያ ዓመት ልጅ ትመስልሻለች።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብሁት። መርዶ በፖስታ ይላካል እንዴ? መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲጥልሽ የሚይዝሽ ሰው ኖሮ ነው። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ ያውም ከነሆድሽ። አልልከውም።


አንዳርጌ ለእናኑ
ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለእናኑ። ከተለየሁሽ ጀምሮ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ሙቀቱ ግን ጉድ ነው፤ ዶሮዋ እንኳ አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። ኸሪፉ ገብቶ ዝናቡ ካልጣለ መተንፈሻ የለንም።

የእማማን ድምፅ በካሴት ልኬልሻለሁ። እንደምታውቂው ጆሮዋ ስልክ ከተወ ቆይቷል፤ ስለዚህ በመደወል አትድከሚ። ድምፁ ምነው እንዲህ ጠራ ብትይ የወንድምሽ ሙያ ነው። ካርቱም ያሉት ስቱዲዮዎች ይምጡና ይማሩ!

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ካለሽበት አጠገብ ሐበሻ አለ? ጠና ያሉ ሰዎች፣ ቄስም ቢሆኑ። ስማቸውንና ስልካቸውን ጻፊልኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ማርያም ከጎንሽ አትራቅ።
ወንድምሽ አንዳርጌ


እናኑ ለአንዳርጌ
ብራንደን፣ ካናዳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ አንዳርጌ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከነልጄ ደኅና ነኝ። አዎ፣ ከነልጄ! ሐምሌ 27 ቀን ሴት ልጅ ተገላገልሁ። እልል ይበሉልኝ!

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ነርሷ ጭማቂ ሰጥታኝ ሄደች። አባቷም ከባድ መኪና ስለሚነዳ መንገድ ላይ ነበር። ካሴቱን ከፍቼ እማዬ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ስትል እየመለስሁ እየመለስሁ ሰማሁት። ያን ሌሊት እሷ ነች ያዋለደችኝ ብል አልዋሸሁም።

ስም አላወጣሁላትም። ስም የምታወጣላት አያቷ ናት። ሰማንያ ቀኗ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው፤ እስከዚያ በእማዬ ድምፅ ስሟን ይላኩልኝ። አደራዎን፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ።

ሐበሻ ስላሉኝ፣ እዚህ የለም። ዊኒፔግ ሞልተዋል ይባላል፤ ሁለት ሰዓት ያስነዳል፣ እኔ ደግሞ ማንንም አላውቅ። ምነው ጠየቁኝ?

ለእማዬ መድኃኒት ትንሽ ነገር በሰው እጅ ልኬያለሁ። ለመሆኑ ሳሏ ተሻላት እንዴ? ካሴቱ ላይ አንዴም አልሳለችም።

እጅ ነሥቻለሁ።
እኅትዎ እናኑ


አንዳርጌ ለእናኑ
ገዳሪፍ፣ መስከረም 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

እልልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ከስቱዲዮው ወጥቼ እልል ብል፣ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሂያም "ማላክ? ምን ሆንህ፣ አበድህ እንዴ?" አለችኝ። ለመንገደኛው ሁሉ ሻይ ጋበዝሁ። ከዚያ ገብቼ በሩን ዘጋሁና የእማማን ድምፅ ከፈትሁ።

ስሟ ብፅአት ነው። በእማማ ድምፅ ካሴቱ ላይ አለልሽ። አጭር ነው፤ አትቀየሚ። እሷን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

የመድኃኒቱን ገንዘብ ባመጣው ሰው እጅ መልሻለሁ። እማማ አሁን መድኃኒት አትወስድም። ሳሉም ቆሟል። ከእንግዲህ አትላኪ፣ በእናትሽ።

ሕፃኗን በዕድሜ በጸጋ ያሳድግልሽ።
አንዳርጌ


እናኑ ለአንዳርጌ
ብራንደን፣ ኅዳር 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጌ፤ እንደምን ሰነበቱ? ብፅአትን ዊኒፔግ ወስጄ አስጠመቅኋት። ለቄሱ "አያቷ ናት ያወጣችላት" ብዬ ካሴቱን አሰማኋቸው። እሳቸውም "እንዲህ ያለች አያት ያኑርላት" አሉ።

ልጄ ስታለቅስ ካሴቱን እከፍትላታለሁ፤ ጸጥ ትላለች። ግን በጣም አጭር ነው። ለገና እማዬ ስሟን እየጠራች ትመርቅልኝ። ረጅም ይሁን። ስለ እኔም ታንሳ፤ እንዲያው እንደ ድሮዋ ትቆጣኝ እንኳ።

እኅትዎ እናኑ


አንዳርጌ ለእናኑ
ገዳሪፍ፣ የካቲት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናኑ። ለአንቺም ለብፅአትም ሰላምታዬ ብዙ ነው። የገናውን ድምፅ ሳልልክ ቀረሁ፤ ምን ሰይጣን እንደነካኝ ልንገርሽ።

ታኅሣሥ ላይ ኮምፒዩተሬ አቧራ በልቶት ቆመ። ባለሙያው የነበረበትን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። የእማማ ድምፅ ያለበትን ክፍል አልነካብኝም፣ ተመስገን። ፕሮግራሙ ግን ጠፋ። ሲዲው ስላለኝ መልሼ ጫንሁት። ጫንሁትና "ከኩባንያው ቁጥር አምጣ" አለኝ! ድሮ ኻዋጃው በስልክ ጠይቆ ያስገባው ቁጥር ነበር፤ አሁን ሌላ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ብደውል ስልኩ አይሠራም። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ብጽፍ ጽሑፌ ተመልሶ መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይኸ ጉደኛ ደግሞ የያዘውን ለባለቤቱም አይሰጥ።

ሥራውን ያስቀመጥሁት በራሱ በፕሮግራሙ ዓይነት ስለሆነ ሌላ ፕሮግራም አይከፍተውም። ካርቱም ድረስ ልኬ አስሞከርሁ፤ እንቢ አለ።

እናኑ፣ በምትወጅው ይሁንብሽ፣ ለኩባንያው ጻፊልኝ። አንቺ እነሱ አገር ነሽ፤ ቋንቋውንም ታውቂያለሽ። ከሥራዎቹ አንዱን፣ የብፅአት ስም ያለበትን፣ በሲዲ ገልብጬ ልኬልሻለሁ፤ ሌባ አለመሆኔን እንዲያዩ አሳያቸው። አንቺ ጋ አይከፈትም፤ አትድከሚበት።

አሁንም ያን ዊኒፔግ ያገኘሻቸውን ቄስ ስልክ ላኪልኝ።

አንዳርጌ


እናኑ ለአንዳርጌ
ብራንደን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ አንዳርጌ፤ እንዴት ከርመዋል? ለኩባንያው ጻፍሁ። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ለሌላ ኩባንያ ሸጠውታል። የገዛው ደግሞ "ይህን ምርት አቁመነዋል፤ አዲሱን ይግዙ" አለኝ። አዲሱ የድሮውን ሥራ ይከፍታል ወይ ብዬ ብጠይቅ አይከፍትም አሉኝ። የተገዛ ዕቃ ሰው እጅ ላይ እንዳለ ይሞታል እንዴ? እኔስ ገርሞኛል። ቁጥር የሚሰጠውን ማሽንም ሊዘጉት ነው። ድጋሚ ጽፌያለሁ፤ ዝም አልልም።

ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ድሮ ፕሮግራም ሳይኖር እማዬ በተራ ካሴት ትናገር አልነበር? ዶሮው ይጮኻል፣ አዛኑ ይገባል፣ እሷ ትስላለች፣ እኛም እንሰማለን። አሁንስ ምን ያንሳል? ባዶ ካሴት ይክፈቱና አፏ ላይ ያድርጉላት። ንጹሕ ባይሆን ምን ቸገረኝ! ወፍጮውንም ጨምረው ይላኩልኝ።

የብፅአት ፓስፖርት ካለቀልኝ በሚመጣው ዓመት እሷን ይዤ እመጣለሁ። ለእማዬ ይንገሩልኝ። ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

የቄሱን ስልክ ከጀርባው ጽፌያለሁ። ለምን እንደፈለጉት ግን አልነገሩኝም።

እናኑ


አንዳርጌ ለእናኑ
ገዳሪፍ፣ ሰኔ 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእናኑ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለመመለስ ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ባዶ ካሴት ያልሽው አይሆንም። እማማ አሁን አትናገርም። እማማ ስትናገር የቀዳሁባቸውን ዘጠኝ ካሴቶች ደግሞ ምን እንዳደረግኋቸው ልንገርሽ፤ ሠርግ ቀረጽሁባቸው። ካሴት እዚህ እንደ ሰሐን ነው፤ ታጥቦ ይበላበታል። አንድ ወር ሠርግ በዛብኝ፣ ድምፁ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፣ ምን ይሆናል ብዬ። እማማ ስትመርቅበት በነበረው ላይ አሁን ከበሮ ነው ያለው። አንድ ቀን ሙሉ ተኛሁ፤ ልሰማው አልቻልሁም።

ለቄሱ ሁለት ጊዜ ደወልሁ። ሲያነሡ መልሼ ዘጋሁት።

ፕሮግራሙን ፈልጊልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።

አንዳርጌ


እናኑ ለአንዳርጌ
ብራንደን፣ መስከረም 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

አንዳርጌ፣

"ለጤናህ እንደምን ነህ" ብዬ ጀምሬ ሰረዝሁት።

ፕሮግራምህ ተገኝቷል። ኩባንያው ቁጥር የሚሰጠውን ማሽን ሲዘጋው የድሮ ገዢዎች ስለጮሁበት፣ ቁጥር የማይጠይቅ ቅጂ ድረ ገጹ ላይ አስቀመጠላቸው። ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው። "ከዚህ በፊት ለገዙት ብቻ" ይላል፤ ማንነትህን የሚያጣራ ግን የለም። አዎ ብዬ ምልክት አደረግሁና ወሰድሁት። ይሠራ እንደሆን ልሞክረው ብዬ የላክኸውን ሲዲ ከፈትሁበት።

ይኸ ፕሮግራም እኮ ቆረጥሁ ያልኸውን አይጥለውም። ይሸፍነዋል እንጂ። አላወቅህም? የቁራጩን ጫፍ ይዤ ብጎትተው ተዘረጋ። መጀመሪያ የወጣው ሳል ነው። ደስ አለኝ! ሞኝ አይደለሁ፣ እማዬ ሳለች ብዬ ደስ አለኝ። ሌላውንም ጎተትሁ።

ስሙን ጎተትሁት። "ስሟ" ያለችው ከአንድ ቦታ፣ "ይሁን" ያለችው ከሌላ ቦታ ነው። መካከሉን ስዘረጋው እማዬ እንዲህ ትላለች፦ "ብፅአት! ነይ እስቲ ውሃ አቀብይኝ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ።"

ልጄን በምን ስም ነው ያስጠመቅሁት አንዳርጌ? ብፅአት ማናት?

የመጨረሻውን ጎተትሁት። "እናኑ ልጄ፣ ነይልኝ። አንዴ ዓይንሽን ልየው" ትላለች። ከዚያ ትስላለች፤ ብዙ ትስላለች። ከዚያ ላንተ "አይ፣ ይችን ቁረጣት። ከነሆዷ ተነሥታ ትመጣብኛለች። ከሞትሁ በኋላም እስክትገላገል አፍህን ያዝ" ትልሃለች። መጋቢት 28 ቀን ብለህ ጽፈህበታል። ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርሁ። መምጣት እችል ነበር። እናቴ ጠርታኝ ነበር፣ አንተ ቆረጥኸው!

እስክትገላገል ነው ያለችህ። ከተገላገልሁ ዓመት አለፈኝ። አራስ ናት አልህ፣ ከዚያስ?

መርዶዬን ማሽን ነገረኝ። ቀን በሰባት ሰዓት፣ ልጄ ወንበሯ ላይ ገንፎ እየበላች። እንዳትደነግጥብኝ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስሁ። መርዶ ሲነገር የሚይዝ ሰው ይኖር የለ? እኔን የያዘኝ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ነው።

ፕሮግራሙን ከነቁጥሩ ልኬልሃለሁ። ምንም አትሥራበት። ከፍተህ የእናቴን ድምፅ ሁሉ፣ ዘጠኙንም ካሴት፣ ከነሳሉ ከነወፍጮው ላክልኝ። አንድ እንኳ አትቁረጥ።

ስሙን አልቀይረውም፤ ልጅቷ ስትጠራ ዞር ማለት ጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ውሃ ከጠየቀች በኋላ ቀጥታ ሌላ ወሬ ነው የሚሰማው። ያቺ ልጅ ውሃውን አቀበለቻት?

እናኑ


አንዳርጌ ለእናኑ
ገዳሪፍ፣ ኅዳር 17 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእናኑ፤ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ቃሉ ዓመት ተመንፈቅ ዘግይቶ እንደመጣ አውቃለሁ።

አንተ ብለሽኛል። ይገባኛል፤ ከዚህም በላይ ይገባኛል። አራስ ናት ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያ ለክርስትናዋ ደስ ይበላት አልሁ። ከዚያ ደግሞ የምነግርበት አፍ አጣሁ። በላክሁልሽ ቁጥር የሞተች አልመስልህ አለችኝ፤ እኔም እየረሳሁት ነበር። ስቱዲዮ ስገባ እማማን ተቀምጣ የማገኛት ይመስለኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ደርሶኛል። ጫንሁት፤ ቁጥሩን አስገባሁ፤ ሳያንገራግር ተከፈተ። ሥራው ጥሩ ነው፣ እንደ ድሮው ነው። የሚከፍተው ግን የለውም። ነሐሴ ላይ ኸሪፉ ከፍቶ ጎርፍ ሱቁ ገባ፤ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዋለ። ድምፁ ያለበትን ዲስክ ካርቱም ወስጄ ሦስት ሰው አይቶታል። ሦስቱም "መዓሌሽ፣ ኻላስ፤ አልቆለታል" አሉኝ። ቀድሜ እንዳልጽፍልሽ ፈራሁ፤ ፕሮግራሙን ፈልጊ እያልሁ አንቺን የማስለፋው እኔ ነኛ።

ስለዚህ ዘጠኙን ካሴት አትጠብቂ። ከላክሁልሽ ካሴቶች በቀር ከእማማ የቀረው አንቺ ጋ ያለው ሲዲ ብቻ ነው። ሰው የሌለውን ነገር ይለምናል፤ አንድ ቅጂ ላኪልኝ። ሳሏን መስማት እፈልጋለሁ። አንድ በአንድ ያወጣሁት እኔ፣ አሁን እንዴት እንደነበር ጠፍቶብኛል።

ብፅአት የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእናትና አባቷ ጋር ወደ ፋው ከተማ ሄዳለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ስሙ አያሳፍርሽ።

ስለ ውሃው ጠይቀሽኛል። ይኼን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ የተውሁት በሱ ምክንያት ነው። እማማ ስትጠራት ልጅቷ ብድግ ብላ ነበር። ዚሩ፣ የውሃው ጋን፣ በሩ አጠገብ ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ይጮኻል፣ ጣሳውም ይንኳኳል። ድምፅ ይገባብኛል ብዬ በእጄ ምልክት አስቀመጥኋት። እማማ እጇን ዘርግታ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ንግግሯን ቀጠለች።

አንዳርጌ